ድልድይ ሰባሪዎቹና ኤን ትሬ

ስሙኝማ።

ከሞጣ ወጥታችሁ ወደ ዓባይ በረሃ ብትወርዱ አንድ ድልድይ ታገኛላችሁ። ወዲሁ ጎጃም ነው፤ ማዶው በጌምድር። ድንጋዩ በኖራ የተያያዘው በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1660 ገደማ ነው ይባላል። ነጋዴውን ከነአህያው፣ ካህኑን ከነጥላው፣ ሙሽራዋን ከነበቅሎዋ ሲያሻግር ሁለት መቶ ሰባ ዓመት ኖረ። ከዚያ ጣሊያን መጣ። አርበኛው መከረ፤ መከረና የድልድዩን ወገብ አፈረሰው። ሲፈርስ ከላዩ የነበሩ ሰዎች አብረው ዓባይ ገቡ እያሉ ሽማግሎች ይተርካሉ። ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ።

ጠላትስ ሄደ። ክፍተቱ ግን አልሄደም። የወዲህና የወዲያ ሰው ገመድ ዘረጋ፤ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ፣ ከሁለቱም ጫፍ የቆሙ ጎረምሶች እየለቀቁና እየሳቡ፣ ከታች ዓባይ እያጓራ፣ እንዲህ ከስድሳ ዓመት በላይ ተኖረ። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የዚህን መሻገሪያ ፎቶግራፍ መጽሔት ላይ አየ። አይቶ ዝም አላለም፤ «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ» የሚባል ድርጅት አቋቋመ፣ መጣ፣ ክፍተቱን በብረት ደፈነው። በ2005 ዓባይ ሞላና ብረቱን ወሰደው። በ2009 ደግሞ ጎርፍ የማይደርስበት ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ከፍ ብሎ ተሠራ። ፈረንጅ አንድ ፎቶ አይቶ ባሕር አቋርጦ ሲመጣ፣ እኛ ስድሳ ዓመት ገመዱን ስናይ ምን እንደሠራን አትጠይቁኝ።

የመኪና ትርኢት ልተርክ ተነሥቼ ስለ ድልድይ ማውራቴ አያስገርማችሁ። የምተርከው የጣሊያን መኪና ነው። የጣሊያን መኪና ደግሞ ቢቸናና ሞጣ ገባ ሲባል፣ መጀመሪያ እንዳይገባ ምን እንደተደረገ ካልሰማችሁ የኋላው ፍቅር አይገባችሁም።

መቼም የድሮ መኪና ትርኢት ማለት በባለቤቶቹ አገር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሚሌ ሚሊያ የሚባል ውድድር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1927 ተጀመረ፤ ከብሬሺያ ተነሥቶ ሮማ ደርሶ ብሬሺያ ይመለሳል፤ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል። በ1957 አንድ ፌራሪ ጎማው ፈንድቶ ተመልካች መካከል ገባና ሕፃናት ጭምር ሞቱ፤ ውድድሩም በዚያው ቀረ። ዛሬ በዚያ መንገድ የሚሄዱት የድሮዎቹ መኪኖች ናቸው፤ በ1927 እና በ1957 መካከል በውድድሩ የተሳተፈ ዓይነት ካልሆነ አይፈቀድለትም። ኮሞ ሐይቅ ዳር ደግሞ፣ ቪላ ዴስቴ በሚባል ቦታ፣ ከ1929 ጀምሮ የቁንጅና ውድድር አለ። የመኪና ቁንጅና! ባለ ባርኔጣ ዳኞች በሣር ላይ እየተራመዱ አፍንጫዋን፣ ወገቧን፣ ጎማዋን ያያሉ። መንካት ነውር ነው።

እኛ ጋ መንካት ብቻ አይደለም፤ ይሰቀልባታል።

እንግዲህ የመጀመሪያዋን እንግዳ ላስተዋውቃችሁ። ትሬንታ ኳትሮ። በወግ ስሟ ፊያት 634 ኤን ትባላለች፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ከቱሪን የወጣች ከባድ የናፍጣ መኪና ናት። ጣሊያኖቹ «ዝሆን» አሏት። ሞተሯ ስድስት ሲሊንደር፣ ከስምንት ሊትር የሚበልጥ፤ ጉልበቷ ግን 75 የፈረስ ጉልበት ነበር። ዛሬ ትንሽ የቤት መኪና ይህን ያህል አላት። ፍጥነቷ በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር ግድም፣ ያውም ሜዳ ላይ። በ1928 ዓ.ም.ቱ ጦርነት ከምፅዋ ወደብ እየተራገፈች፣ ጥይትና ዱቄት ተሸክማ፣ ደጋውን እያቃሰተች ወጣች። ከኋላዋ መንገድ ሠሪው፣ ከመንገድ ሠሪው ኋላ ጋራዡ፣ ከጋራዡ ኋላ ምግብ ቤቱ ተከተለ። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስም መንገድ ተቀደደ።

አሁን የእኛን ሰው እዩት። መኪና መንገድ ትፈልጋለች፤ አርበኛ የሚፈልገው ገደል ነው። የምሥራቅ ጎጃም መሬት ለማን እንደተሠራ ካርታ ማየት አያሻም። ከጮቄ ተራራ የሚወርዱት ወንዞች ሁሉ አገሩን እየሰነጠቁ ዓባይ ይገባሉ፤ አንዱን ሸለቆ ወጣሁ ስትል ሌላው ይጠብቅሃል። ጣሊያን ትሬንታ ኳትሮ የደረሰችበትን ከተማ ያዘ፤ ምሽግ ሠራ፤ ሞጣም ቢቸናም ጦሩ ሰፈረ። ከምሽጉ ባሻገር ያለው የደጃዝማች በላይ ዘለቀ ነበር። አባ ኮስትር በላይ የቢቸናን ገደል በእግሩ ያውቀዋል። ሌሊት ይወርዳል፣ ሲነጋ ማዶ ነው። መኪናዋ እዚያ ምን ታድርግ? በጦርነት ታሪካችን ስለ ጀግንነት ብዙ ተጽፏል፤ ልክ ነው፤ ስለ ቁልቁለት የተጻፈው ግን ጥቂት ነው።

በ1933 ዓ.ም. ነገሩ ተገለበጠ። መጋቢት መጨረሻ ላይ የደብረ ማርቆሱ የጣሊያን ጦር፣ ሴትና ሕፃን ጨምሮ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ይዞ ወደ ዓባይ ወረደ። ሸፋርታክ ላይ ተሻግሮ፣ ድልድዩን ከኋላው አፍርሶ ሄደ ይላሉ የዘመኑ ጸሐፊዎች። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ሲገባ እኛ ሰበርን፣ ሲወጣ እነሱ ሰበሩ፤ በመካከል ዓባይ ምንም አልጎደለበትም። የሞጣው ጦርም በዚያው ዓመት እጁን ሰጠ። ጃንሆይ ደብረ ማርቆስ ገብተው፣ በዚያው መንገድ ቀጥለው፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ሲገቡ እንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት በነጭ ፈረስ ፊት ፊት ይሄድ ነበር፤ እሳቸው የተቀመጡት ክፍት አልፋ ሮሜዮ ላይ ነው። የጣሊያን መኪና! አምስት ዓመት ሙሉ የተሰደዱት በጣሊያን የተነሣ፣ ወደ ዙፋናቸው የተመለሱት በጣሊያን ጎማ። ከዚያ ቀን የበለጠ የአልፋ ሮሜዮ ትርኢት በዓለም ላይ ተደርጎ ከሆነ እኔ አልሰማሁም።

(በላይ ዘለቀ ደግሞ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል። በእግሩ ለኖረ ሰው አውሮፕላን ማረፊያ፤ ይህን ዝም ብዬ አልፈዋለሁ።)

ጣሊያን ሲሸነፍ ሁሉም ጣሊያናዊ አልሄደም። አናጢው፣ ግንበኛው፣ በተለይ መካኒኩ ቀረ። እንግሊዞቹ ከተማረከው መኪናና ማሽን ብዙውን ጭነው ወሰዱ፤ ቀሪው ደግሞ በየሜዳው ቆሞ ዝገት ሊበላው ሲል የእኛ ልጆች ደረሱለት። ጋራዥ መጥረጊያ ይዞ የገባ ልጅ በሁለት ዓመቱ ካቻቢቴ ያዘ፤ በአራት ዓመቱ ፍሪሲዮን አወረደ፤ በሰባት ዓመቱ ጌታውን «ሲኞር፣ እሱ አይደለም ጥፋቱ፣ ኩሽኔታው ነው» አለው። ትምህርት ቤቱ ይህ ነበር። ፊደሉ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬ፣ ጓርኒሲዮን። ለጠላት ጆሮ ያልሰጠ አገር ለመካኒኩ ጆሮውን ሰጠ፤ ይህም ነውር አልነበረም። አርበኛው ራሱ ሲዋጋ የኖረው ከጣሊያን በማረከው መሣሪያ አይደለም እንዴ?

ኤን ትሬ ግን ምርኮ አይደለችም። ገንዘብ ተከፍሎባት የመጣች ናት።

ፊያት 682 እ.ኤ.አ. በ1952 ተወለደች። ኤን፣ ከዚያ ኤን ዱዌ፣ ከዚያ ኤን ትሬ እየተባለች አደገች። ስድስት ሲሊንደር፣ ከአሥር ሊትር የሚበልጥ ሞተር። ግንባሯ ጠፍጣፋ፣ አፍንጫዋ ላይ የተንሰራፋ ጢም አላት፤ ጣሊያኖቹ ለዚህ ጢሟ ስም አውጥተውላታል፤ ደግሞም «የአፍሪካ ንጉሥ» ይሏታል። ያኔ በጣሊያን አገር መኪና በቀኝ እየተነዳ የከባድ መኪና መሪ የሚቀመጠው በቀኝ በኩል ነበር። ምክንያት አለው፦ ተራራ ላይ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጎማው ከገደሉ ጠርዝ ምን ያህል እንደቀረ በዓይኑ እንዲያይ። ይህን የፈለሰፈ ሰው የዓባይን በረሃ ያየ ይመስላል። እኛ እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ስንነዳ ነበር፤ በዚያ ዓመት ወደ ቀኝ ተቀየርን። ስንቱ ሾፌር ልማዱን ይዞ ወደ ግራ እንደተጎተተ ቆጣሪው ያውቃል።

እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ላይ አምቼ ተቋቋመ፤ የፊያት መኪና እዚሁ ይገጣጠም ጀመር። መለዋወጫው ቀረበ፤ ሶማሌ ተራ ሞላ። ኤን ትሬ ጭነት ሆነች፣ አውቶቡስ ሆነች፣ ቦቴ ሆነች። ውኃ ጭና እሳት አጠፋች፤ ወታደር ጭና ጦር ሜዳ ደረሰች፤ እህል ጭና የተራበ አገር ገባች። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ታናሽ እህቷ ሰይቼንቶ ሰማያዊና ነጭ ለብሳ ታክሲ ሆነች። ፊያት 600 ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣች፤ ርዝመቷ ከሦስት ሜትር ብዙም የማያልፍ፤ ሞተሯ ከኋላ፣ ሻንጣው ከፊት። አምስት ሰው ሲገባባት ስድስተኛው ተጣጥፎ ይገባል። ከእሷ በኋላ የነገሠችውን ላዳንም ሩሲያዊት ናት ብላችሁ አትለፏት። ሶቪየቶቹ ከፊያት ጋር ተዋውለው፣ ቶልያቲ ከተማ ላይ ፋብሪካ አቁመው፣ ፊያት 124ን ወስደው ቆርቆሮዋን አወፍረው፣ የኋላ ፍሬኗን ቀይረው፣ ከእግሯ ከፍ አድርገው በ1970 አወጧት፤ ለውጭ አገር ሲሸጧት ላዳ አሏት። ከተማዋ ራሷ የተሰየመችው በጣሊያን ኮሙኒስት ፓርቲ መሪ በፓልሚሮ ቶልያቲ ነው። አብዮተኛ ሆነንም ከቱሪን አላመለጥንም።

ወደ ቢቸና ልመልሳችሁ።

የቢቸና ልጅ ኤን ትሬን ከማየቱ በፊት ይሰማት ነበር። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነበር፤ ከደጀን ሲገነጠሉ ያለው ዳገትና ጭቃ አይጣል ነበር። ልጆቹ ጨዋታ ነበራቸው፦ ድምፅዋን ሰምቶ ማርሽ መቀየሯን መቁጠር፤ የማን መኪና እንደሆነች በጡሩምባዋ መለየት፤ ባዶዋን ናት ጭነት አላት ብሎ መወራረድ። የተሸነፈ ኩርኩም ይቀምሳል። መኪናዋ ስትደርስ ስፖንዳዋ ላይ ለመንጠልጠል ግርግር ነው፤ ረዳቱ የባለጌ ስድብ እየተሳደበ ያባርራል፤ ያባርራል እንጂ እሱም ትናንት ተንጠልጣይ ነበረ። ወደ ሸገር የምትጭነው ጤፍ፣ ምስር፣ ቅቤ፣ ቆዳ ነው። ስትመለስ ጨው፣ ስኳር፣ ቆርቆሮ፣ አቡጀዲ፣ የትምህርት ሚኒስቴር ጠመኔ። ከዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤት የወጣ ተማሪ ጋቢና ለመግባት ሾፌሩን በቅኔ ሲያሞግስ አይቻለሁ የሚሉ አሉ። እኔ የማውቀው፣ ቅኔው ሰሙ ስለ መኪናዋ ቢሆን ወርቁ ስለ ዋጋ ቅናሽ እንደሚሆን ነው።

ዋናው ፈተና ዓባይ ነበር። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁል ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ እኩያውን መውጣት። ከላይ ካፖርት የለበሰ ሾፌር ታች ሸሚዙን ያወልቃል። ሞጣ ላይ ያገኘኋቸው ሽማግሌ ሾፌር፣ በኋላ እመጣባቸዋለሁ፣ አወራረዱን እንዲህ ብለው አስረዱኝ፦

«ፍሬን የፈሪ ነው፣ ልጄ። ኸላይ ስትነሣ በስንት ማርሽ ትወጣው እንደነበር አስብ፤ በዚያው ማርሽ ውረድ። ፍሬኑን የረገጥክ እንደሆነ ሸራው ይግላል፤ ሲግል ይሸታል፤ የሸተተህ ለታ አለቀልህ። እሷ እንድትይዝህ ተዋት። ሞተሩ ያጉረምርም። ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው።»

«ፍሬን እንቢ ካለስ፣ ጋሼ?»

«ረዳት አለ፤ ታኮ አለ፤ ማርያም አለች። በዚሁ ቅደም ተከተል።»

ረዳት ማለት ታኮ ታቅፎ ከመኪናዋ ጎን የሚሮጥ ሰው ነው። መኪናዋ ዳገት ላይ ስትዝል፣ ማርሽ ሲቀየር ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት፣ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር እንጨቱን ይሸጉጣል። ተነሣች? እንጨቱን አንሥቶ ይሮጣል። ቆመች? እንደገና። ከድልድዩ እስከ ደጀን ሽቅብ እንዲህ ነው። እጁን ለጎማ የሰጠም አለ። ስለ ሾፌር ዘፈን ሞልቷል፤ ስለ ረዳት የሰማችሁት ካለ ንገሩኝ።

እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓኖች የሠሩት የሕዳሴ ድልድይ ተመረቀ፤ 303 ሜትር፣ በገመድ የተደገፈ፣ ለዓይን የሚያምር። ከጦርነቱ በኋላ የተሠራው አሮጌው ድልድይም እዚያው ጎኑ አለ። ኤን ትሬ ግን አዲሱን ድልድይ ለማየት የደረሰችው አርጅታ ነው። አይሱዙ መጥቶ ነበር፤ ቅጥቅጡ መጥቶ ነበር፤ የቻይናው ሲኖ እየመጣ ነበር። አይሱዙ በአንድ ቀን የሚጨርሰውን መንገድ እሷ ሁለት ቀን ትሄዳለች፤ ነጋዴ ደግሞ ለጢም ብሎ አይጠብቅም። እሷም ከዋናው አስፋልት እየሸሸች ወደ ጠጠሩ፣ ከጠጠሩም ወደ ገጠሩ ገባች።

አሁን ወደ ትርኢቱ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ መንገዱ ሰላም ሳለ። ሞጣ፣ የገበያ ቀን። ሞጣ የወለተ እስራኤል ከተማ ናት፤ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ጊዮርጊስን የተከለችባት። ሰዉ ከየሸለቆው ወጥቷል፤ ድንች አለ፣ ማር አለ፣ ጤፍ በየመደቡ። በዚያ መካከል ከታች በኩል አንድ ድምፅ መጣ። ወጣቱ ዞር አላለም። ሽማግሎቹ ግን፣ እማኝ ልሁን፣ አንድ ላይ ቀና አሉ። «ኤን ትሬ!» አለ አንዱ። ሌላው ጆሮውን አቅንቶ «ኤግዞስቷ ተቀዷል» አለ። ገና አልታየችም እኮ!

መጣች። ቀለሟን አትጠይቁኝ፤ ሦስት ሽማግሌ በሦስት ዘመን የቀባት ናት። ግንባሯ ላይ ያ ጢም አንድ ወገኑ የለም። ራዲያተሯ ላይ የማዳበሪያ ጆንያ ተጋርዷል። የጋቢናዋ በር የሚዘጋው በሽቦ ነው። ከላይዋ ባሕር ዛፍ አጣና ተጭኗል፤ ከአጣናው ላይ ደግሞ ሰው፣ ከሰው ላይ ዶሮ። ሽማግሌው ሾፌር በመስኮት ክንዳቸውን አውጥተው፣ የማንንም ሰላምታ በጣት እየመለሱ፣ ገበያውን ለሁለት ከፍለው አለፉና ጥላ ሥር አቆሟት። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ትርኢት ማለት።

ሰው ከበባት። አንዱ ጎንበስ ብሎ ባሌስትራዋን ቆጠረ፤ «ሁለቱ የእሷ አይደሉም» አለ። እውነት ነው፣ ከወደቀ መኪና የተነቀሉ ናቸው። ሌላው ኮፈኗን አስከፈተ። አንድ የቶርኖ ቤት ባለሙያ፣ እጁን ከኋላ አጣምሮ እንደ ሐኪም እያዳመጠ፣ አንደኛው ሲሊንደር ሰነፍ እንደሆነ ተናገረ። ሽማግሌው አልተቆጡም። «አውቃለሁ፤ ኸጎረቤቶቹ ይማር ብዬ ተውኩት» አሉ። ጓርኒሲዮኑ ከየት እንደመጣ ተጠየቁ፤ ከአሮጌ ላስቲክ በመቀስ ቆርጠው እንደሠሩት አሳዩ። የፖምፓው ቡሎን የትራክተር ነው። የፊት መብራቷ አንዱ ከአይሱዙ የተዋሰችው። ከቱሪን ይዛው ከመጣችው ምን እንደቀራት ብትጠይቁ፣ ሻንሲውና ትዕግሥቷ ነው። ቪላ ዴስቴ ላይ እንዲህ ያለች መኪና ብትቀርብ «የመጀመሪያ አካሏን አጥታለች» ብለው ነጥብ ይቀንሱባት ነበር። የሞጣ ዳኞች ነጥብ የሰጧት በተቀየረው ልክ ነው።

በዚህ መሐል አንድ የባጃጅ ነጂ፣ ሙዚቃውን እስከ ጥግ ከፍቶ፣ ከጎኗ ገጭ ብሎ ቆመ። መንገዱን ዘግታበት ነበር።

«ጋሼ፣ ይችን አሁን ለሙዚየም አይሰጧትም?»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ዞሩ። «ሙዚየሙ ስንት ኩንታል ይጭናል?»

ሳቁ ገበያውን ናጠው። ልጁም ሳቀ። እኔ ግን አፌ አላርፍ አለኝ፤ የማውቀውን ካላወራሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። «ወንድሜ» አልኩት፣ «አንተም እኮ የተቀመጥከው የጣሊያን ዘር ላይ ነው።» ነገሩን አስረዳሁት፦ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፒያጆ ፋብሪካ የአውሮፕላን ሥራው ሲቀርበት፣ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የሚባል የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ቬስፓን ነደፈላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ከቬስፓ ላይ ሦስተኛ እግር ጨምረው አፔ የምትባል ትንሽ ጭነት አወጡ፤ የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያም በ1960ዎቹ ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ ሲሠራ ሠለጠነ፤ ባለሦስት እግሯም ከዚያ ወረደች። መንገድ ላይ ያላችሁት ባጃጆች በሙሉ የዚያች የልጅ ልጆች ናችሁ አልኩት።

ልጁ ባጃጁን ዞሮ አያት፤ አዲስ የተዋወቃት ይመስል።

«እንግዲያ አክስትህን ነዋ ሙዚየም ግቢ ያልካት!» አሉት ሽማግሌው።

ያኔ ሙዚየም ማለት ለእኛ የአጥንትና የዘውድ ቤት ነበር። አሁን አዲስ አበባ ላይ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ለጎብኝ ተከፍቶ የጃንሆይ መኪኖች ተወልውለው ቆመዋል፤ በከተማይቱም የድሮ መኪና ወዳጆች እየተሰባሰቡ መኪኖቻቸውን ያሳያሉ። ጥሩ ነው፤ እሰየው ነው። ሰይቼንቶ የገዛ ልጅ ቀለሟን ሲያስመልስላት ማየት ደስ ይላል። እኔ ግን የምለው አንድ ነገር አለኝ፦ ከእነዚያ መኪኖች መካከል አንዲት ኤን ትሬ፣ ያውም ጎኗ ላይ የታኮ እንጨቷ ተቀምጦ፣ ካልቆመች ትርኢቱ ጎዶሎ ነው። ሕዝቡ በካዲላክ አልሄደም። ጤፉ በሮልስ ሮይስ አልመጣም።

ይህን ሐሳብ ያሰብኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም ለካ። አጣናው ከተራገፈ በኋላ፣ ሻይ ስንጠጣ፣ ሽማግሌው ያለፈውን ዓመት ገጠመኝ አጫወቱኝ። አንድ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። መነጽር፣ ንጹሕ ጫማ። ሆቴል እየሠራ ነው፤ ግቢው ውስጥ አበባ መካከል የሚያቆማት አሮጌ ኤን ትሬ ይፈልጋል። ዞሯት፣ ፎቶ አነሣት፣ ጢሟን ዳበሰ። ዋጋ ጠራ። ዋጋው ደህና ነበር፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ።

«ታዲያ ምን አሉት?»

«ይሁን አልኩት።»

«ይሁን?!»

«አርጅቻለሁ እኮ። ልጆቼም አይነዷትም። ይሁን አልኩትና ቁልፉን ሰጠሁት። ጭነት መኪና ተከራይቼ በላዩ አስጭኜ እወስዳታለሁ አለኝ። እሱስ አይሆንም አልኩት። እሷ ሰው ትጭናለች እንጂ በሌላ ላይ ተጭና ዓባይን አትሻገርም። ነድተህ ውሰዳት፤ እኔም አጠገብህ ተቀምጬ ማርሹን እነግርሃለሁ፤ ደጀን ስንደርስ ወርደን ቁልቁለቱን እናየዋለን፤ ኸዚያ ገንዘቡን ትሰጠኛለህ።»

«እሺ አለ?»

«እሺ አለ፤ ጎበዝ ነው፣ አይዋሽም። ወጣ፣ መሪውን ያዘ፣ ፍሪሲዮኑን ረገጠ። ሁለት እግሩን ፈጀበት። ኸቢቸና እስኪደርስ ላቡ ጫማው ገባ። ቢቸና ላይ ምሳ እንብላ አለኝ። በላን። እጁን ሊታጠብ ወጣ።»

«ከዚያስ?»

ሽማግሌው የሻይ ብርጭቋቸውን ገልብጠው አስቀመጡ። «ምሳውን ከፍሎ ነበር፣ አይታማም። አውቶቡስ ተራ ያዩት ሰዎች የሁለተኛውን ባስ ትኬት ገዝቷል አሉኝ። እኔም ቢቸና ላይ ሠላሳ ኩንታል ጤፍ አግኝቼ ጫንኩ።»